የመጨረሻዋ አኃዝ

ቋራ ወረዳ፣ ገለጉ ላይ፣ በሕፃናት የምግብ እጥረት ዙሪያ በተካሄደ አንድ ጥናት ውስጥ ሥራዬ መረጃ ማጣራት ነበር። ለኪዎቹ ቀን በየጎጡ እየዞሩ ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት ክንድ ይለካሉ፤ ማታ እኔ በተከራየነው ግቢ ተቀምጬ ያመጡትን ቁጥር እመረምራለሁ። ስንት ሕፃን ቀይ ላይ ወደቀ፣ ስንቱ ቢጫ ላይ ቆመ የሚለው የሌሎች ጉዳይ ነው። እኔ የምከታተለው ማንም ልብ የማይላትን የመጨረሻዋን አኃዝ ነበር።

የጤና ሠራተኞች ሙዋክ የሚሉት የክንድ መለኪያ ጥብጣብ በሚሊ ሜትር የተሰመረ ነው። ከ115 በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 125 ቢጫ፣ ከ125 ጀምሮ አረንጓዴ። የአንድ ሕፃን ክንድ 131 ወይም 134 የሚሆነው በበላው፣ በታመመው፣ በተወለደበት ሁኔታ ነው። የብዙ መቶ ሕፃናት ልኬት አንድ ላይ ሲደረደር ግን የመጨረሻዋ አኃዝ ከ0 እስከ 9 ካሉት አንዱን ለይታ የምትመርጥበት ምክንያት የላትም። ለእያንዳንዱ ከአሥር አንድ ገደማ ይደርሰዋል። ድርሻው ፍጹም እኩል አይሆንም፤ ወጣ ገባ ይላል። ምን ያህል ወጣ ገባ ማለት እንዳለበት ደግሞ ይሰላል። እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ያወጣው ካይ ስኩዌር የሚባለው ስሌት ለዚህ ይሆናል፦ በእያንዳንዱ አኃዝ የተገኘው ብዛት ይጠበቅ ከነበረው ምን ያህል እንደራቀ ይታያል፤ ልዩነቱ በራሱ ይባዛል፤ ለሚጠበቀው ይካፈላል፤ የአሥሩም ይደመራል። አኃዞቹ ያለ አድልዎ ከመጡ ድምሩ 9 አካባቢ ይመላለሳል። ከ16.9 የሚያልፈው ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ብቻ ነው።

ከለኪዎቹ የአንዱ ድምር ከዚህ እጅግ ርቆ ሄደ። 120፣ 135፣ 130፣ 145፣ 125፣ እንደገና 130። ሁሉም 0 እና 5 ላይ ተከምሯል። ለኪው ጠና ያሉ፣ የአካባቢው ተወላጅ፣ ዕድሜያቸውን በጤና ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሥራውን ከሩቅ ሆነው የሚመሩት ሰዎች ሪፖርቱን እንዳዩ «ቁጥር እየፈጠሩ ነው፤ ይሰናበቱ» አሉ።

ልናዘዝና፣ ፈራሁ። ኮንትራቴ የወራት ነበር፤ የሚቀጥለውንም የሚሰጡኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው። «እሺ» ብዬ ብፈርም የሚወቅሰኝ አልነበረም፤ ስሌቱም ከእነሱ ጋር ነው። እጄን የያዘኝ፣ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ቁጥር በአገራችን የግድ የውሸት ምልክት እንዳልሆነ ማወቄ ነው። በኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተካሂዷል። የቆጠራዎቹን የዕድሜ ሰንጠረዥ የገለጠ ሰው 30፣ 40፣ 50 ዓመት ላይ ሕዝብ ተከምሮ፣ 31፣ 41 እና 51 ላይ ሳስቶ ያገኘዋል። የዋሸ ሰው የለም። የልደት ቀኗ ያልተጻፈላት እናት ስትጠየቅ «ሠላሳ ይሆነኛል» ትላለች፤ መዝጋቢውም የሰማውን ይጽፋል። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህንን በዊፕል መለኪያ ይለኩታል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ያላቸውን ቆጥሮ፣ በ5 አባዝቶ፣ ለጠቅላላው ብዛት አካፍሎ ከመቶ ያወጣል። 100 ከሆነ ለክብ ቁጥር ያደላ የለም፤ 500 ከሆነ ሁሉም በክብ ቁጥር ተናግሯል። ከ175 ያለፈውን የተባበሩት መንግሥታት ደረጃ አወጣጥ ከመጨረሻው ረድፍ፣ እጅግ ሻካራ ከሚባለው ይመድበዋል። ቋራ ያፈራቻቸው ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ የልደታቸው ዘመን ሲጻፍ «በ1811 ዓ.ም. ገደማ» ነው የሚባለው።

ክንድ ግን እንደ ዕድሜ አይጠየቅም፤ ይለካል። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት አብሬያቸው ልዋል ብዬ ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበረ ዋልካው እግር ይይዛል፤ ሙቀቱም ከጠዋት ጀምሮ ያቃጥላል። የመጀመሪያው ቤት ደርሰን ሕፃኑን ለክተው ሲጨርሱ «ጋሼ፣ እስቲ ጥብጣቡን ልየው» አልኳቸው። በላብና በአልኮል ሲጠራረግ የከረመ ጥብጣብ ነው። ደቃቆቹ የሚሊ ሜትር መስመሮች ጠፍተዋል። የቀሩት በየአምስቱ የተሰመሩት ረጃጅሞቹ ብቻ ናቸው።

«አዲስ እንዲመጣልኝ ጠይቄ ነበር፣ ልጄ። አልመጣም። የማየውን ጻፍኩ» አሉኝ። «የማላየውን ልጻፍ?»

ስሌቱ ትክክል ነበር። አኃዞቹ ያለ አድልዎ የመጡ አይደሉም። ያደላው ግን ጥብጣቡ ነው፤ ስሌቱ ይህንን ለይቶ የሚናገርበት አንደበት የለውም። ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስል ደግሞ፣ ክንዱ 123 የሆነ ሕፃን 125 ተብሎ ሲጻፍ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ይሻገራል። ሊደርሰው የሚገባ አልሚ ምግብ በሁለት ሚሊ ሜትር ያልፈዋል። አዲስ ጥብጣብ እስኪመጣ ድረስ የእኔን መጠባበቂያ ሰጠኋቸው፤ የለኳቸውም ሕፃናት እንደገና እንዲለኩ ተደረገ።

የሁለተኛውን ለኪ ነገር የማነሣው እያመነታሁ ነው። ወጣት፣ ትሑት፣ ቅጹን በሚያምር ጽሕፈት የሚሞላ ልጅ ነበር። አለቆቹም በምሳሌነት ይጠቅሱታል። የመጨረሻዎቹ አኃዞቹ ልክ እንደ ድርሻቸው የተከፋፈሉ ናቸው፤ 0 ከ7፣ 3 ከ8 አይበልጥም። ያሳሰበኝ ይኸው ነው። የካይ ስኩዌር ድምር ከ16.9 በላይ መውጣቱ ብርቅ እንደሆነው ሁሉ፣ ከ3.3 በታች መውረዱም ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ብቻ የሚሆን ብርቅ ነው። የልጁ ድምር በየጊዜው እዚያ ታች ነበር። አጋጣሚ እንዲህ ሥርዓታም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሮናልድ ፊሸር የመነኩሴውን የግሬጎር ሜንዴልን የአተር ሙከራ ቁጥሮች መርምሮ፣ ከሚጠበቀው ጋር ከመጠን በላይ እንደሚገጥሙ አሳየ። የሜንዴል ሕግ ትክክል ነው፤ ፊሸር የጠረጠረው አለቃው የሚጠብቀውን ያወቀ አንድ ረዳት ቁጥሩን አስተካክሎ ሊሆን እንደሚችል ነበር። ይህንን ሳስታውስ ልቤ ደነገጠ።

አኃዞቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። አጋጣሚ ያመጣው ዝርዝር ከሆነ አንድ አኃዝ ከፊቱ ያለውን የሚደግምበት ዕድል ከአሥር አንድ ነው፤ 4 ከ4 ቀጥሎ፣ 7 ከ7 ቀጥሎ በየመሐሉ መታየት አለበት። በልጁ ዝርዝር ድግግሞሹ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሰው አጋጣሚ የሚመስል ነገር ከራሱ ሲፈጥር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ መድገም ያስፈራዋል። ሳንቲም 200 ጊዜ የተወረወረ አድርገህ ጻፍ ቢባል አንበሳ ሦስቴ ወይም አራቴ ከተከታተለ በኋላ እጁ ራሱ ወደ ሌላው ገጽ ይሄዳል። በእውነተኛው ውርወራ ግን በ200 ውስጥ አንድ ገጽ ቢያንስ 6 ጊዜ ተከታትሎ የመምጣቱ ዕድል ከ95 በመቶ ይበልጣል። አስተማሪዎች ይህንን ለተማሪ እያሠሩ፣ የተወረወረውንና የተፈጠረውን አንድ ጊዜ አይተው ይለዩታል።

ልጁን ለብቻው አነጋገርኩት። አልካደም። ከወንዙ ማዶ ያሉት እናቶች ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚመለሱት። እሱ በረፋዱ ሲደርስ ሁሉም ቤት ዝግ ነው። ባዶ ቅጽ ይዞ የተመለሰ ለኪ በሰው ፊት ሲዘለፍ አይቷል። «እንዳይመሳሰል ብዬ ተጠንቅቄ ነበር የጻፍኩት» አለኝ፤ እንባው መጣ። የተያዘውም በዚያው ጥንቃቄው ነው። በማግስቱ በጨለማ ተነሥተን አብረን ተሻገርን፤ እናቶቹ ሳይወጡ ደረስን። በእርግጥ የለካቸው ቁጥሮች እንደ ፊተኞቹ ያማሩ አልነበሩም፤ አንዱ አኃዝ በዝቷል፣ ሌላው አንሷል፣ 2 ሦስት ጊዜ ተከታትሏል። ልጁ በሥራው ቀጠለ። ዘለፋው እንዲቀርና «ቤቱ ዝግ ነበር» የሚል ባዶ ቅጽ እንደ ሥራ እንዲቆጠር ሳስጨርስ ከእሱ ይልቅ ከአለቆቹ ጋር ብዙ ተከራከርኩ።

የሁለቱን ለኪዎች ነገር የሰማ የአካባቢው የጤና ባለሙያ ሌላ ጥያቄ ይዞብኝ መጣ። ከአንድ የእርሻ ካምፕ በአጭር ጊዜ ውስጥ የካላዛር ሕሙማን ተከታትለው መጥተውበታል፤ አጋጣሚ ነው ወይስ ምክንያት አለው? የመተማና የቋራ ቆላ ካላዛር የኖረበት አገር ነው። በሽታው የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ሲሆን፣ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ በተሰነጠቀ ዋልካ አጠገብ ያድራሉ።

ስለ ለንደን ነገርኩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን በራሪ ቦምቦች ከተማዋን ሲመቱ፣ ሕዝቡ ቦምቡ አንዳንድ ሰፈር ላይ እየተመረጠ እንደሚወድቅ አመነ። አር. ዲ. ክላርክ የተባለ የኢንሹራንስ ስሌት ባለሙያ የደቡብ ለንደንን ካርታ እኩል 576 ካሬዎች አድርጎ ከፈለና የወደቁትን 537 ቦምቦች በየካሬው ቆጠረ። ምንም ያልወደቀባቸው 229፣ አንድ የወደቀባቸው 211፣ ሁለት 93፣ ሦስት 35፣ አራት 7፣ ከዚያ በላይ 1። ቦምቡ ያለ ምርጫ ቢወድቅ ይጠበቅ የነበረው ምንም ያልወደቀባቸው 227 ገደማ፣ አንድ የወደቀባቸው 211 ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የታተመችው ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አትዘልም። አራት ቦምብ የወረደበት ሰፈር ሰው ተለይቼ ተመታሁ ቢል አይፈረድበትም፤ አጋጣሚ ራሱ ግን እንዲህ ይከምራል።

ይህንን ነግሬው እዚያው ባቆም ኖሮ ጉዳት ባደርስ ነበር። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ሰዎች በትኩሳት እየተከታተሉ ሲሞቱ፣ በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር መሆኑ ተረጋግጦ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ጀመሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ብዙ ሰው አልቋል። በሽታው ወደ ደጋው የወጣው ከቆላው ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደሆነ ይታመናል። ያ ክምር ምክንያት ነበረው። ለንደንና ሊቦ ከምከም በወረቀት ላይ ቢቀመጡ ለዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ለባለሙያው የሰጠሁት መልስ፣ በካምፑ ስንት ሠራተኛ እንዳለ ይቆጠር፣ በሌሎቹ ካምፖች ካለው ብዛት ጋር ይመዛዘን፣ ከዚያም ሰዎቹ የት እንደሚያድሩ ሄዶ ይታይ የሚል ነው።

ታዲያ ራሱ አጋጣሚ ምንድን ነው? ሩሲያዊው አንድሬ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1965 የሰጠው ብያኔ ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። አንድ የቁጥር ዝርዝር ዘፈቀዳዊ የሚባለው ከራሱ ባጠረ መመሪያ ሊገለጽ ካልቻለ ነው። «01ን መቶ ጊዜ ጻፍ» የሚል አጭር ትእዛዝ 200 አኃዝ ያወጣል፤ ያ ዝርዝር ሥርዓት አለው። አንዱንም ሳያስቀሩ ሁሉንም ከመጻፍ ሌላ መንገድ ከሌለ ግን የሚጨበጥ ሥርዓት የለውም። ብያኔው ጥልቅ ነው፤ ችግሩ፣ ከዚህ ያጠረ መመሪያ የለም ብሎ ለማንኛውም ዝርዝር የሚያረጋግጥ ስሌት ሊኖር አለመቻሉ ነው። ለጥናቱ ቤቶችን በዕጣ የምንመርጥበት የስልኬ ፕሮግራም ራሱ ቁጥሮቹን የሚያወጣው በአጭር ቀመር ነው። ፈተናውን ሁሉ ያልፋል፤ በኮልሞጎሮቭ ሚዛን ግን ዘፈቀዳዊ አይደለም። ፈተናዎቻችን የሚያደርጉት ያንን ብቻ ነው፦ አድልዎን ይይዛሉ እንጂ አድልዎ የለም ብለው አይመሰክሩም።

ይህ ነገር ቦታውን የያዘልኝ ባረፍንበት ግቢ ነው። የቤቱ ባለቤት የገበያ ሴቶች ዕቁብ ዳኛ ናቸው። በየእሑዱ ዕጣው ሲወጣ ከዳር ተቀምጬ አያለሁ። ወረቀቱ ከአንድ ደብተር በአንድ ልክ ይቆረጣል፣ በአንድ ዓይነት ይጠቀለላል፣ ጣሳ ውስጥ ሳይገባ በአባላቱ ፊት ይቆጠራል፣ ከዕቁቡ ቤተሰብ ያልሆነ ሕፃን ያወጣል። አንድ እሑድ የወጣላት ሴት፣ ባለፈው ሳምንት የደረሳት ሴት እህት ሆነች። ማጉረምረም ተጀመረ። ዳኛዋ አልተቆጡም። «ወረቀቱን ቆጥራችኋል?» አሉ። ቆጥረናል። «ጣሳውን አይታችኋል?» አይተናል። «ታዲያ የወጣው ይወጣል።» እኔ ከወጣው ቁጥር ተነሥቼ ወደኋላ የምፈልገውን እሳቸው ከመውጣቱ በፊት ጠብቀውታል።

የተማሩት የሠሯቸው ትልልቅ ዕጣዎች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለ2012 ዲቪ 22 ሺህ ገደማ ሰዎች እንደተመረጡ ካወቁ በኋላ አሜሪካ ውጤቱን ሰረዘች፤ ከተመረጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት 30 ቀን በፈጀው ምዝገባ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ያመለከቱ ነበሩ። የፕሮግራም ስህተት ነው፤ ሕጉ ደግሞ ምርጫው ያለ አድልዎ እንዲሆን ያዛል። እንደገና ሲወጣ ደስታቸውን የተነጠቁ ሰዎች ለቅሶ ያሳዝናል፤ በሦስተኛው ቀንና ከዚያ በኋላ ያመለከተው ሕዝብ ግን ከመጀመሪያው ዕድሉን የተነጠቀ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣም በቀናት ውስጥ ተሰርዟል። ምክንያቱ መብት የሌላቸው ሰዎች ወደ ሥርዓቱ በገባው መረጃ ውስጥ መካተታቸው ነው። ጣሳው ቢነቀነቅም የገባው ወረቀት አልተቆጠረም ነበር።

የወረቀቱ ነገር የእኛንም ጥናት ነካው። ቤት የምንመርጠው ከቀበሌ ከመጣ ዝርዝር ነበር። በእርሻ ካምፕ የሚያድሩ፣ ለሠራተኛው የሚያበስሉና በአጨዳ የሚያግዙ ልጅ ያዘሉ እናቶች በዝርዝሩ ላይ አልነበሩም። ዕጣው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የእነሱ ልጆች የመውጣት ዕድላቸው ዜሮ ነው፤ በመጨረሻ አኃዝ ላይ የሚደረግ የትኛውም ስሌት ደግሞ ያልተለካን ሕፃን አያሳይም። መላውን የነገሩኝ እኚያ ጠና ያሉት ለኪ ናቸው። በየካምፑ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው መዝገብ አለው። ከእሱ ጀመርን፤ ልጅ ያላቸውን ጠይቀን ጨመርን፤ ለእያንዳንዱ መጠለያ ቁጥር ሰጠን። ስልኩ ቁጥር ማውጣት የሚጀምርበትን መነሻ በቀበሌው ሰዎች ፊት ጻፍነው፣ የተጠራጠረ ሁሉ ደግሞ እንዲያወጣው። ከወጡት ቤቶች ብዙዎቹ ከወንዙ ማዶ ሆኑ። ወጣቱ ለኪ ያንን ወገን ለእኔ ስጡኝ ብሎ ጠየቀ፤ ተሰጠው።

ዝርዝሩ ግን ዛሬም ሙሉ አይደለም። በክረምት ለአረም ወርደው ከአጨዳው በፊት ወደ ደጋ የተመለሱት እናቶች በጥቅምት የሠራነው መዝገብ ላይ የሉም። የሚቀጥለው ጥናት ካምፖቹን በሐምሌም እንዲመዘግብ ጽፌ አስገብቻለሁ። በሐምሌ መንገዱ ስለሚዘጋ፣ መዝጋቢዎቹ ወንዞቹ ሳይሞሉ ገብተው እዚያው እንዲከርሙ የሚያስችል በጀት ጠይቄያለሁ።